ጋሽ አራጋው ከፍርስራሹ ሥር ያስተማሩኝ ምት

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ለቅሶ ቤት አውርቼዋለሁ፣ ሻይ ቤት አውርቼዋለሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ስሙን እንኳ ለማላውቀው ሰው ነግሬዋለሁ። የሰማው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥና "አንተ ምን ታደርግ፣ የቻልከውን አድርገሃል" ይለኛል። ያቺን ቃል ለመስማት ብዬ ሳላወራው አልቀርም። ዛሬ ግን እስከ መጨረሻው ልጽፈው ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ያንኑ ቃል ትሉኝ እንደሆነ አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። መርሳ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ባለ ጋራዥ የከባድ መኪና ባሌስትራ እፈታና እገጥም ነበር። የዛገ ፒን አልወጣ ሲል፣ ብሎን አልላቀቅ ሲል "ዶዘርን ጥሩት" ይባላል። ዶዘር እኔ ነኝ። እናቴ ደረጀ ብላ ብትሰይመኝም የከተማው ሰው በዚያ ስም ነው የሚያውቀኝ። ትልቁን መዶሻ እንደ ጭራ ነበር የማወዛውዘው። እኮራበትም ነበር። ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ስለተውኩት ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም።

የምኖረው ጋሽ አራጋው ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንድ ክፍል ነው። ጋሽ አራጋው ሰባውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አብራቸው የነበረችው አስተማሪዋ ልጃቸው ሰናይት ናት። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ ላይ የተጫዋቾችን ዱላ ተሸክመው እየተከተሉ ይሠሩ ነበር። ሥራው ካዲ ይባላል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የያዙት ንብረት ቢኖር ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ አንድ የብረት ዱላ ነው። የመርሳ ሰው "የጋሽ አራጋው ጭልፋ" እያለ ያሾፍበታል።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወንዙ ዳር ወዳለው ሜዳ ይወርዳሉ። ኳስ ስለሌላቸው ከዛፍ ሥር የረገፈ ጥሬ ብርቱካን ለቅመው በዚያ ይጫወታሉ። አንድ እሑድ ተከትያቸው ሄድኩና "ጋሼ፣ እስቲ እኔ ልሞክረው" አልኳቸው። ባለ በሌለ ኃይሌ ወረድኩበት። ብርቱካኑ ከነበረበት አልተነቃነቀም፤ የተነሳው አፈሩ ነው። ጋሽ አራጋው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ዱላውን ተቀብለው፣ ያ ሸምበቆ የሚያህል ገላቸው አንዴ ወደ ቀኝ ዞር፣ አንዴ ወደ ግራ መለስ ሲል፣ ብርቱካኑ ወንዙን ተሻግሮ የሰው ማሽላ ውስጥ ገባ።

"እንዴት ነው የሆነው?" አልኳቸው።

"አንተ በክንድህ ትመታለህ፤ ምት የሚነሳው ከእግር ነው" አሉኝ። "ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ትከሻ። እጅ መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ መልእክተኛ ነው። ዱላውን መንገድ እንደምታሻግረው ሕፃን እጅ ያዘው፤ እንዳያመልጥህ፣ እንዳታሳምመው። ራስህን አታንቀሳቅስ። ከመታህ በኋላም አትቁረጠው፣ ዱላው የጀመረውን ይጨርስ።"

ከዚያ ወዲህ እሑዶቼን ከእሳቸው ጋር ነበር የማሳልፈው። ብዙ አልተማርኩም። ጥሩ ስመታ ዞረው ብርቱካኑ የት እንደወደቀ አያዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ድምፁን ይሰማሉ። "ካዲ ኳሱን ፈልጎ የሚያገኘው በጆሮው ነው" ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ስትገባ ያየነውን ሁሉ አልዘረዝርም፤ ያየ ያውቀዋል። ጋራዡ ተዘረፈ። ክሪኩን፣ ጎማውን፣ የመፍቻ ሳጥኑን ሳይቀር ጭነው ሲሄዱ የተረፈው ቤት አምጥቼው የነበረው ትልቁ መዶሻ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ወደ ደሴ ሲሸሽ ጋሽ አራጋው እንቢ አሉ። "እኔ በዚህ እግሬ ውርጌሳም አልደርስ። ሂዱ እናንተ" አሉን። ሰናይት አባቷን ጥላ አልሄደችም። እኔም ቀረሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከኮረብታው ማዶ ከባድ መሣሪያ ይተኮስ ጀመር። ማን ወደ ማን እንደሚተኩስ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከግቢያችን አጥር ወዲያ ያላለቀ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነበር። ሶሌታው፣ ማለትም የላይኛው የኮንክሪት ወለሉ፣ ተሞልቷል፤ ግድግዳው ግን ገና ግማሽ ነው። የእኛ ቤት ጭቃ ስለሆነ፣ ይሄ ኮንክሪት ነው፣ ብረት አለው ብለን ጋሽ አራጋውን ደግፈን ከምድር ቤቱ የኋላ ክፍል አስገባናቸው። ሰናይት ውኃ፣ እኔ ፍራሽ ልናመጣ ወደ ቤት ተመለስን። ፍራሹን እየጠቀለልኩ ሳለ ምድር ተንቀጠቀጠች።

ስንወጣ ሕንፃው ግማሽ ጎኑ የለም። ሶሌታው ከመሐል ተሰብሮ፣ አንዱ ጫፉ መሬት ነክቶ፣ ሌላው ጫፉ ጋሽ አራጋው ካሉበት ክፍል የብሎኬት ግድግዳ ላይ ተንጋዷል። በሩ ተደፍኗል። ሰናይት "አባ!" ብላ ስትጮህ ከውስጥ ሳል ሰማን።

በሶሌታው ሥር ጎንበስ ብዬ እስከ ግድግዳው ገባሁ። በስንጥቁ አፌን አስጠግቼ "ጋሼ! ደረጀ ነኝ! ተጎድተዋል?" አልኩ።

"እግሬን ይዞኛል። ሌላው ደህና ነው" አሉ። ድምፃቸው የተለመደው ድምፃቸው ነው። "ሰናይት አለች?"

"አለሁ አባ! አለሁ!" እያለች ታለቅሳለች።

"አልቅሺ ልጄ፣ ግን ቀስ ብለሽ። ግንቡን ልሰማው እፈልጋለሁ።"

መዶሻዬን አመጣሁ። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ብሎኬቱን ፈልቅቄ ቀዳዳ መክፈት፣ ገብቼ እግራቸውን ማላቀቅ፣ ጎትቶ ማውጣት። ሶሌታው ደረቴ ድረስ ብቻ ስለሆነ ግን መዶሻውን ሽቅብ ማንሳት አይቻልም። እኔ የማውቀው ምት ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ነው። እንደ ምንም አጎንብሼ በክንዴ ብቻ አንዴ ከጎን አሳረፍኩበት። አቧራው ፈነዳ፣ ከላይ ሶሌታው እንደ አሮጌ አልጋ ሲጢጢ አለ።

"አቁም!" አሉ ከውስጥ። "ምንድን ነው ይሄ? ባሌስትራ የምትፈታ መሰለህ እንዴ?"

"ቦታው አይመችም ጋሼ። ቀጥ ብዬ መቆም አልቻልኩም።"

"ጎልፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚመታ ማን አየህ? ዶዘሩን ውጭ ተወውና ደረጀ ሆነህ ግባ። እግርህ የት ነው?"

"መሬት ላይ ነዋ!"

"እግዜር ይይልህ። ግራህ የት ነው?"

በዚያ ሁሉ መዓት ውስጥ ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ግራ እግሬን ወደ ግድግዳው እንዳቀርብ፣ ጉልበቴን እንዳላላ፣ ጀርባዬን እንዳዞር፣ ትከሻዬን እንድለቅ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከዚያም ሕግ አወጡልኝ። "አንድ ጊዜ ትመታለህ። ከዚያ ዝም። እኔ ግንቡን እሰማና ቀጥል ስልህ ብቻ ትደግማለህ። ቀጥል ካላልኩህ መዶሻውን አውርድ።"

"እሺ ጋሼ።"

መታሁ። ከዳሌዬ ነበር የተነሳው። መዶሻው በራሱ ክብደት ዞሮ መሐለኛዋን ብሎኬት ሲያገኛት ጧ የሚል አጭር ድምፅ ተሰማ። ሶሌታው ትንፍሽ አላለም። ከውስጥ ዝምታ ሆነ። ከዚያ "እሰይ! ቀጥል" አሉ።

የመጀመሪያዋ ብሎኬት ለመውጣት አንድ ሰዓት ያህል ፈጀች። እጄን እስከ ብብቴ የሚያስገባ ቀዳዳ ተከፈተ። ሰናይት ውኃ በኩባያ አቀበለችኝ፤ እኔ ወደ ውስጥ አሳለፍኩ። ኩባያውን ሲቀበሉኝ ጣቶቻቸው ጣቶቼ ላይ ቆዩ።

"ትንቀጠቀጣለህ" አሉኝ።

"ደክሞኝ ነው።"

"ፈርተህ ነው። ፍራ፣ ግድ የለም። የፈራ ሰው አይቸኩልም።"

በየምቱ መካከል ያወሩኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ዱላ ሲሸከሙ አንድ ቀን እንኳ ሜዳው ላይ እንዲመቱ አልተፈቀደላቸውም። ያወቁትን ያወቁት በማየት ነው። "ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ" አሉኝ። "ጉልበት ያላቸው፣ ደረት ያላቸው። ብቻቸውን ሲሆኑ አሳምረው ይመታሉ። ዳር ላይ ሰው ቆሞ ሲያያቸው ግን ይበላሻሉ። ለኳሱ መምታት ትተው ለሰው ይመታሉ።" ይህን ያሉኝ እንደ ጨዋታ ነው፤ እኔም እንደ ጨዋታ ሰማኋቸው።

ወደ ስምንት ሰዓት ተኩሱ ጋብ አለ። ሦስት ብሎኬቶች ወጥተዋል። ከተደበቀበት የወጣው ጎረቤት እየተሰበሰበ መጣ፤ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አምጥተው ሶሌታውን በጎን ደገፉልኝ። ከመጡት አንዱ ሰይድ ነው። ሰይድ ከመርሳ ውርጌሳ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ ነበር። ድምፁ መረዋ ስለሆነ ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም፤ አጨዳ ሲሆንም ጂጊ፣ ማለትም ደቦ፣ የወጣውን ሰው በዘፈን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲሠራ ዝም ብሎ አይታይም። ለሠራተኛ ማዜም ጉልበት መስጠት ነው፤ ዝም ማለት ንፉግነት ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አራተኛዋ ብሎኬት ወጣች። ትከሻዬን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ለማግኘት አንዲት ብቻ ቀረች። ከቀዳዳው በላይ አንዲት፣ በታች አንዲት አለች። የላይኛዋ ተሰንጥቃለች፣ አንድ ጥሩ ምት ይበቃታል። የታችኛዋ ግን ጠንካራ ናት፣ ሌላ አንድ ሰዓት ትፈልጋለች።

"የላይኛዋን እንዳትነካ" አሉኝ ጋሽ አራጋው። ድምፃቸው ደክሟል። "እሷ ናት የተሸከመችው፣ እሰማታለሁ። ከታች ክፈተው። አይቸኩልብኝም፣ አለሁ።"

"እሺ ጋሼ።" ወደ ሰናይት ዞሬ "ሂጂ ጋቢ አምጪ፣ በእሱ ነው የምንጎትታቸው" አልኳት። ሮጠች።

የታችኛዋን ብሎኬት እየመታሁ ሳለ አንዱ ከከተማው መሐል እየሮጠ መጥቶ ተኩሱ እንደገና ሊጀመር ነው አለ። ሰው ተርበደበደ። "ምን ያንፏቅቀዋል? አንድ ብሎኬት ነው እኮ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሌላው "ዶዘር፣ ዛሬ ምን ነካህ?" አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። ያኔ ሰይድ፣ ደግ ልብ ስላለው፣ ሰውም እኔም እንዳንፈራ ብሎ አነሳው፦

"በለው በመዶሻ የእናትህ ልጅ፣
ጋሼን ሳናወጣ አንሄድም ከደጅ!"

ሰዉ ተቀበለው። እጅ ይጨበጨባል፣ እግር መሬት ይመታል። "ዶዘር! ዶዘር!" ይላሉ። አንባቢዎቼ፣ ያንን ጩኸት ሰምታችሁት ስለማታውቁ አትፍረዱብኝ ልላችሁ ነበር፤ ግን ፍረዱ። ከጠዋት ጀምሮ የደነዘዘው ክንዴ ደም ሞላው። መዶሻው ቀለለኝ። እግሬን ከፈት፣ ትከሻዬን አጠንከር አደረግሁ። የላይኛዋን ብሎኬት አየኋት።

መታኋት። አልወጣችም፤ ፍርፋሪ ብቻ ረገፈ። ዘፈኑ ደመቀ። ደገምኳት፣ በሙሉ ኃይሌ።

ግው የሚል ድምፅ ነው። ከላይ መጣ ልበል ከታች እንጃ። አንድ እጅ ቀበቶዬን ይዞ ወደ ኋላ መንጭቆ ጣለኝ፤ የሰይድ እጅ ነበር። አቧራው ሲገልጥ ሶሌታው መሬት ላይ ተኝቷል። ቀዳዳው የለም፣ ግድግዳው የለም፣ ክፍሉ የለም። ዘፈኑ ተቋርጧል። "ጋሼ!" አልኩ። እየደጋገምኩ ጠራኋቸው።

ሰናይት ነጭ ጋቢ ታቅፋ ደረሰች። ፍርስራሹን አየች፣ እኔን አየች፣ ጋቢውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ቀና ብላ "ደረጀ፣ ምን አለህ? መጨረሻ ላይ አባቴ ምን አለህ?" አለችኝ።

ሰይድ ከጎኔ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ ቆሟል።

"አልሰማሁም" አልኳት። "ዘፈኑ፣ ጩኸቱ… ምንም አልሰማሁም።"

አስከሬናቸውን በማግሥቱ ነው ያወጣነው። አሥር የማንሞላ ሰዎች ቀበርናቸው። በሦስተኛው ቀን ሰይድ ለቅሶው ቤት መጥቶ ሰናይት እግር ላይ ወደቀ። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው እህቴ። ዝም ብል ኖሮ ደሬ ይሰማቸው ነበር። የኔ ድምፅ ነው የገደላቸው" እያለ እግሯን አልለቅ አላት። ሰናይት አቅፋ አነሳችው። እኔም ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩና "ተው እንጂ ሰይዶ፣ የአላህ ሥራ ነው" አልኩት። እንዲህ ብዬ አጽናናሁት።

ከዚያ ወዲህ ሰይድ አልዘፈነም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የገዛ ታናሽ ወንድሙን ሲድር እንኳ አፉን አልከፈተም። ባጃጁን ሲነዳ መንገድ ላይ ካየኝ አንገቱን ይደፋል፤ ባለ ዕዳዬ የሆነ ይመስለዋል። ያንን ማየት ሲከብደኝ ወደ ወልድያ መጣሁ። አሁን ጎሚስታ ነኝ፣ ጎማ እለጥፋለሁ። መዶሻ የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ወደ ሌላ ቤት እመራለሁ። ሰው "ጎበዝ" ሲለኝ ወሬውን ቶሎ እቀይራለሁ። ሰናይት ለበዓል ትደውልልኛለች፣ "ወንድሜ" ትለኛለች። በየጊዜው ስልኩን አንስቼ ልነግራት እጀምርና ስለ ዝናቡ አውርተን እንዘጋለን።

ሰዎች ጊዜ ያሽረዋል ይሉኛል። የሚሽረው የታወቀ ቁስል ነው፤ የኔን ማንም አያውቀውም። ተናግሬ ቀለለኝ የምልበትም ቀን ይመጣል ብዬ አላስብም። ይህን የጻፍኩትም እንዲቀልለኝ አይደለም። ሰይድ ጋዜጣም መጽሔትም አያነብም፤ ግን ከመርሳ ሰው አንዱ አንብቦ ይነግረው ይሆናል።

ሰይዶ፣ ድምፅህ አልሸፈናቸውም። የዘፈንከው ከውጭ ነው፤ እኔ ግን ጆሮዬ ከቀዳዳው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ሰናይት፣ የአባትሽ የመጨረሻ ቃል "ደሬ፣ ተው" ነው። ሁለት ጊዜ አሉኝ። አንደኛውን ያሉት የላይኛዋን ብሎኬት መጀመሪያ እንደመታኋት፣ ሁለተኛውን ልደግማት የሰነዘርኩት መዶሻ ገና ከኋላዬ ሳለ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ በሁለቱ መካከልም መዶሻውን ለማውረድ የሚበቃ ጊዜ ነበር።